ስንቅ የሌለው ቼክ

ከባንክ መስኮት ጀርባ ለሚውል ሰው ቼክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስንቅ ያለውና ስንቅ የሌለው። የሰፈረው ቁጥር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፊርማው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። ሕጋችንም ነገሩን በዋዛ አያየውም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። እኔ ዛሬ የምከሰው ግን ሌላ ቼክ ነው፤ በአንደበት የሚጻፍ፣ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ የሚመነዘር፣ ከሳሽም ዳኛም የሌለው ቼክ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከጋይንት መጣች። በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የተመረቀች ናት፤ አንድ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት ለጀማሪ ሪፖርተርነት ባወጣው ማስታወቂያ ተመዝግባ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣችና «ጋሼ፣ እስኪ ጠይቀኝ» አለችኝ። ገለጥሁት። አርባ ጥያቄ፣ አርባ መልስ፤ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲገለበጥ የኖረ። «ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ይላል፤ መልሱ «የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?»፣ «በጫና ውስጥ መሥራት ትችያለሽ?»፣ «ለምን አንቺን እንቅጠር?» … ለሁሉም መልስ ተሰናድቶለታል። እኔ ግን ከአርባዎቹ አንዱንም ሳልጠይቃት «እስኪ የጻፍሽውን አሳዪኝ» አልኋት።

«የቱን?» አለች፣ ደብተሩን እያየች።

ልቆጣት አልቻልሁም። ያ ደብተር በአንድ ወቅት የእኔም ነበረና።

በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ እንጀራ ወደ ባንክ ገፍቶኝ፣ ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ሌሊት ግጥም ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የባህል ፕሮግራም አዘጋጅነት ተወዳደርሁ። አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። የሸመደዱትን ጠየቁኝ፤ የሸመደድሁትን መለስሁ፤ ተመሰጋገንን፤ ወጣሁ። አንድም ሰው «ምን ጽፈሃል?» አላለኝም። አላለፍሁም። ያን ጊዜ ያልረገምሁት ሰው አልነበረም፤ «ዘመድ ያለው ገባ» እያልሁ ወር ሙሉ አወራሁ።

በሌላ ዓመት፣ በሌላ መሥሪያ ቤት እንደገና ቀረብሁ። ከፈታኞቹ አንዱ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ማስረጃዬን ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ ግጥም እጽፋለሁ ብለሃል፤ እስኪ አንዱን አንብብልን» አሉኝ። በአቃፊዬ ውስጥ የዲግሪዬ ቅጂ አለ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ፤ የመታወቂያዬ ቅጂ አለ። ግጥም የለም። በቃሌ ልወጣው ሞከርሁ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የገዛ ግጥሜ ጠፋኝ። «ደካማ ጎንህ ምንድን ነው?» ቢሉኝ መልስ ነበረኝ፤ ለግጥሜ ግን አልነበረኝም። ሽማግሌው አልተሳለቁብኝም፤ «ግድ የለም» ብቻ አሉ። ከዚያች «ግድ የለም» ወዲህ ዘመድ ያለውን መርገም ትቻለሁ። ስንቅ የሌለውን ቼክ ያወጣሁት እኔው ነበርሁ።

ነገሩ ለእኔና ለአጎቴ ልጅ እጥፍ ኀፍረት ነው፤ የመጣንበት አገር ስሙ የሚጠራው በፈተና ነውና። ቤተ ልሔም የጋይንት ናት፤ የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቤት። ከዚያው ከጋይንት ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥእት ምስክር ናት። «ምስክር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። የኔታ ነጥብ አይሰጡም፤ ይመሰክራሉ። ምስክር ደግሞ በሕግም በሃይማኖትም ያየውንና የሰማውን እንጂ የተነገረውን አይናገርም።

ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ለምኖ ዓመታት ይቆያል። ድጓውን ከመምህሩ ፊት ይዘልቃል፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን፤ ከነምልክቱ፣ ከይዘቱና ከደረቱ፣ ከድፋቱና ከጭረቱ፣ ከቅናቱና ከርክርኩ ጋር። በነባሩ ልማድ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ያሳርማል። «ራስህን በሦስት ቃላት ግለጽ» የሚለው የለም፤ ዜማው ራሱ ይገልጸዋል። አያታችን ከቤተ ልሔም ሳያስመሰክሩ የተመለሱ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ «ለምን?» ብላቸው «የኔታ ያልሰሙትን ምን ብለው ይመስክሩልኝ?» አሉኝ። ከቃለ መጠይቅ ወድቆ የወጣ ሰው እንዲህ ሲናገር እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም አልተናገርሁም።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለፈታኝ ሁሉ ምሳሌ ትሆናለች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ጸሐፊ ሲደርስባት ከውጭ ያየው ክብ የሣር ክዳን ነበር፤ ዘልቆ ሲገባ ግን ከክቡ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቆማ አገኘ። ከደጅ ቢመለስ ኖሮ አንድ የሣር ክዳን አይቶ ሄደ ማለት ነበር። የሰውን ሲቪ አገላብጦ፣ አነጋገሩን አይቶ፣ ሥራውን ሳይገልጥ የሚያሰናብት ፈታኝም ያየው ክዳኑን ብቻ ነው።

የጋዜጠኝነታችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የጳውሎስ ኞኞ መደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዱ የአገር ሰው ጥያቄ መላሽ ሆነ፤ «አጤ ምኒልክ»ን የመሰለ መጽሐፍ ትቶልን አለፈ። በዓሉ ግርማ ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን ድረስ ሄዶ የተማረ፣ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን ያዘጋጀ ሰው ነው። ስለዚህ ዲግሪን አልነቅፍም፤ አራተኛ ክፍልንም አላሞግስም። የሁለቱ ሰዎች ስንቅ አንድ ነው፤ በወረቀት ላይ የተገኘ፣ አንባቢ የመሰከረለት ጽሑፍ። ዛሬ «የመጀመሪያ ዲግሪና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» በሚል ማስታወቂያ ጳውሎስ ከመዝገብ ቤት ባላለፈ ነበር፤ በዓሉም ቢያልፍ የሚጠየቀው ስለ ደካማ ጎኑ ነበር።

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። «አመልካቹ ሦስት መቶ ነው፤ የማን ጽሑፍ ተነብቦ ይዘለቃል?» ይሉኛል። ቁጥር እንጀራዬ ነውና እንቁጠር። ሦስት መቶ ሰው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ማናገር ሃምሳ ሰዓት ይፈጃል። ሁሉንም በአዳራሽ አስቀምጦ፣ አንድ ጥሬ መረጃ ሰጥቶ፣ በአርባ ደቂቃ አንድ ገጽ ዜና ማስጻፍ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ስሙን ሸፍኖ አንዱን ገጽ በሦስት ደቂቃ ማረም ዐሥራ አምስት ሰዓት። እንዲህ የሚያደርጉ፣ ድምፅም የሚሞክሩ ቤቶች መኖራቸውን አልክድም፤ የእኔ ጠብ ይህን ትተው በጨዋታ ብቻ ሰው ከሚመርጡት ጋር ነው።

«ዞሮ ዞሮ የሚያስገባው ዘመድ ነው፤ ስንቅ ቢይዙ ባይዙ ምን ለውጥ አለው?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። እኔም ተጠልዬበታለሁና አልንቀውም። ነገር ግን ዘመድ በየት በኩል እንደሚገባ እንይ። «በራስ መተማመን፦ ከዐሥር ስምንት»፣ «አቀራረብ፦ ከዐሥር ዘጠኝ» በሚሉት ነጥቦች በኩል ነው። እነዚህ ነጥቦች ፈታኙ ከወንበሩ ሲነሣ እንደ ጉም ይበናሉ፤ ማንም ተመልሶ ሊመረምራቸው አይችልም። የተጻፈ ገጽ፣ የተቀረጸ ድምፅ ግን በመዝገብ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ከወደቀው ሰው ገጽ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ባንክ ውስጥ ሌባን የሚያስፈራው ስብከት ሳይሆን ደረሰኝ ነው። ሥራን መፈተን ዘመድን ፈጽሞ ባያባርር እንኳ የሚደበቅበትን ጥላ ይቀንስበታል።

ሦስተኛው «ያለፈ ዘመን ናፋቂ» የሚል ነው። የቤተ ልሔምን ሁሉ ልመልስ አላልሁም። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ብርቅ ሴቶች ቢኖሩም፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ ደጅ በጠቅላላው የወንዶች ደጅ ነበር፤ አያታችንን የተቀበለ ጉባኤ የልጅ ልጃቸውን ይቀበላት ነበር ብዬ አልዋሽም። ዓመታት የሚፈጀውን ረሃብም ለማንም አልመኝም። የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቃል ሥራ የሚፈተነው በቃሉ ሥራ፣ የሚፈትነውም ያን ሥራ የሚያውቅ ጆሮ ይሁን።

እንግዲህ ዝግጅት ምንድን ነው? ለአጎቴ ልጅ ያልኋትን እዚህ ልድገመው። የምትወዳደሪበትን ጣቢያ ሳምንት ሙሉ አዳምጪ፤ ከዜናዎቹ አንዱን መርጠሽ መግቢያውን አንቺ ብትሆኚ እንዴት እንደምትጽፊው ጻፊ። ከሥራዎችሽ ሦስት ያዢ፤ አራተኛውን ደግሞ የተበላሸብሽን ያዢ፣ ለምን እንደተበላሸም እወቂ፤ «ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ለሚለው ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መልስ የለም። ከአገርሽ አንድ የዘገባ ሐሳብ ይዘሽ ግቢ፤ ማንን እንደምትጠይቂ፣ ምን ማስረጃ እንደምትፈልጊ ጭምር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ከነ2017ቱ ማሻሻያው አንብቢ፤ የምትገቢበት ቤት ሕግ ነው። ጮክ ብለሽም አንብቢ፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ ምልክት የሌለው ድጓ ነውና ምልክቱ ካንቺ ይጠበቃል። ለተዋናይነት የሚቀርበው ጓደኛሽ ደግሞ አንድ የሚያስቅና አንድ የሚያስለቅስ ቃለ ተውኔት በቃሉ ይያዝ፤ ለሕዝብ ግንኙነት የሚወዳደረውም ያልተጠየቀውን መግለጫ ጽፎ ይሂድ። ባይጠይቁሽም፣ ከመውጣትሽ በፊት «የጻፍሁትን ላነብላችሁ እችላለሁ?» በይ። እምቢ ካሉሽ የወደቁት እነሱ ናቸው።

ማታ ደብተሩን ከኋላው ገልብጣ ስትጽፍ አመሸች። በነፋስ መውጫ ገበያ ድንች ስለሚሸጡ እናቶች ነው። ስትጨርስ አነበበችልኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ረዝሞባታል፤ ነገርኋት፤ አሳጠረችው። ደስ ብሎኝ ምክር ልቀጥል ስል ቀና አለችና «ጋሼ፣ ያንተስ የት አለ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ በመሳቢያዬ ውስጥ የዓመታት ግጥም አለ፤ በማንም ጆሮ ፊት አልቀረበም። ፈታኞችን ስከስ እኔም ከተከሳሾቹ ወንበር አልተነሣሁም። እንግዲያውስ እዳዬን ከዚህ ልጀምር፤ ስሕተቱን የምታርሙልኝ እናንተ ናችሁ።

መስኮቱ ፊት ቆሜ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣
ቁጥሩን አሳምሬ፣ ስሜንም አጉልቼ፣
ለካስ የመጣሁት፣ ስንቄን ቤት ረስቼ።

የኔታዬ ይስሙኝ፣ ልበል ከመነሻ፣
ስሳሳት ይቆጡኝ፣ ይሁነኝ ማረሻ፤
ከተውሶ ድግስ፣ ከሞላው ገበታ፣
ቁራሼ ትብለጠኝ፣ የለመንኋት ማታ።