ተጓዥ አሠልጣኝና ትቶት የሚሄደው ትምህርት

በቀድሞው የአገራችን ትምህርት ቤት ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ መምህሩ ግን ወንበሩን ተክሎ ባለበት ይቆይ ነበር። በዛሬው የእግር ኳስ ጨዋታ ነገሩ ተገልብጦ፣ ተማሪው በቦታው ሲቀመጥ የሚዞረው መምህሩ፣ ማለት አሠልጣኙ ሆኗል። መዞሩ ነውር አይደለም። ሊመረመር የሚገባው፣ መምህሩ ሲሄድ ትምህርቱ ይቀራል ወይስ አብሮት ይሄዳል የሚለው ነው። በአገራችን ከክለቦቹ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በጀት ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ የሕዝብን ገንዘብ የሚነካ ነው እንጂ እንደ ተራ የጨዋታ ወሬ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ምሳሌ ከሚሆኑት ሰዎች አንዱ የቼክ ተወላጁ ሚላን ማቻላ ናቸው። እኚህ ሰው የኩዌትን፣ የሳዑዲ ዓረቢያን፣ የኦማንንና የባሕሬንን ብሔራዊ ቡድኖች በየጊዜው አሠልጥነዋል። ኩዌት ታግሣ ስላቆየቻቸው በ1989 እና በ1991 ዓ.ም. የባሕረ ሰላጤውን ዋንጫ በተከታታይ አነሣች። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን በ1993 ዓ.ም. በእስያ ዋንጫ የመጀመሪያ ግጥሚያ በጃፓን 4 ለ 1 ስትሸነፍ ወዲያውኑ አሰናበተቻቸው። እርግጥ ነው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ከዚያ በኋላ ያለ እርሳቸው እስከ ፍጻሜው ግጥሚያ ደርሳለች። የችኮላ ስንብት አንዳንድ ጊዜ መቅናቱ አይካድም፤ አሠሪዎችን የሚያታልላቸውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የቀናውን አይተው ዘወትር የሚቀና ይመስላቸዋልና።

በኢትዮጵያም የውጭ አገር አሠልጣኝ እንግዳ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽ 4 ለ 2 ተሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲቀር፣ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጋር የዩጎዝላቪያው ተወላጅ የስላቭኮ ሚሎሴቪች ስም አብሮ ይነሣል። ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ ኢፊ ኦኑራ፣ ቤልጂጋዊው ቶም ሴይንትፊትና ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በየተራ ተሹመው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሄደዋል። ከእነዚህ ውስጥ የሴይንትፊት ነገር በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። እኚሁ ሰው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጋምቢያን ተረክበው ዓመታት ስለተሰጣቸው፣ ያች ትንሽ አገር በ2014 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ተካፍላ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። አዲስ አበባ የጥቂት ወራት እንግዳ የነበሩት ሰው ባንጁል ላይ ወንበር ተከሉ። ልዩነቱ ከዕውቀታቸው ይልቅ ከተሰጣቸው ጊዜ የመጣ ይመስላል።

ከአገር ልጆች መካከል የተጓዥን አሠልጣኝ ኑሮ የሚያሳዩት አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የፕሪምየር ሊግ ባለድል አድርገዋል፤ ሱዳን ድረስ ተሻግረው አል አህሊ ሸንዲን አሠልጥነዋል፤ በሀዋሳ ከተማ ክለብም ሠርተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ከፋሲል ከነማ ጋር የኢትዮጵያን ዋንጫ አንሥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊውን ቡድን ተረክበው፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁት። ካሜሩን ላይ ቡድኑ አንድ ነጥብ ብቻ አግኝቶ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ተመለሰ። ሆኖም ወዲያው ስላልተሰናበቱ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያው ቡድን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። የዚያ ድል ቦታ ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ ሳይሆን የማላዊ ከተማ ሊሎንግዌ ነበረ፤ በአገር ውስጥ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ ቡድኑ የሜዳውን ግጥሚያ በሰው አገር ተጫወተ። አሠልጣኙ ከብሔራዊው ቡድን የተለዩት በ2015 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከሊሎንግዌ ወደ ሀዋሳ መመለስ ያስፈልጋል። ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያገባው ሽመልስ በቀለ በሐይቁ ዳር ከተማ ተወልዶ፣ በከተማው ክለብ ተጫውቶ ያደገ ልጅ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የቀድሞው ዋንጫ በተገኘ በ51 ዓመቱ በዚያው ቀን፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በደቡብ አፍሪካ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ ግቡን ያስቆጠረው አዳነ ግርማም የሀዋሳ ልጅ ነው። የከተማው ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ባለድል ሆኗል፤ በክለቡ ተጫውቶ ያሳለፈው ሙሉጌታ ምሕረትም ኋላ ዋና አሠልጣኙ ለመሆን በቅቷል። አሠልጣኞች መጡ፣ አሠልጣኞች ሄዱ፤ ከተማይቱ ግን ያስተማረችው ልጅ ቀረላት፣ ለአገርም ተረፈ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አሠልጣኝን ከሩቅ ማስመጣት ይገባል፤ ነገር ግን የሚቀጠርበት ውል በሁለትና በሦስት ግጥሚያ ሽንፈት የሚቀደድ መሆን የለበትም። ከጎኑም የሚማር ያገር ልጅ ምክትል ይቁምለት፤ የሥልጠናውም አሠራር በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲመዘን ካገኘው ነጥብ ጋር ከወጣቶቹ ቡድን ያሳደጋቸው ልጆች ቁጥር አብሮ ይቆጠር። አሠልጣኝን ከዓመቱ አጋማሽ አሰናብቶ ሌላ መቅጠር፣ ለሄደውም ለመጣውም መክፈል ነው፤ ተጫዋቾቹም የጀመሩትን ትምህርት ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ያባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ተጓዥ መንገደኛ ነውና መሄዱ አይቀርም። የክለብ ኃላፊዎች ተግባር፣ እስኪሄድ ድረስ በትዕግሥት ማስተማሪያ ጊዜ ሰጥቶ፣ ሲሄድ ወንበሩን የሚረከብ ተማሪ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ይህን ያደረገ ከተማ አሠልጣኙ ወደ የትም ቢሄድ ከስሮ አይቀርም።