መጀመሪያ የምትሞተው ለምን እሷ ሆነች?

«እኔ ግን ለምንድን ነው መጀመሪያ የምሞተው?» ብላ ጠየቀችን። ፊልሙ በታየ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ካፌው በር ላይ። ስክሪፕቱን የጻፍነው አራታችንም ተያየን። አንዳችን «ሆረር እኮ ነው፤ አንድ ሰው መጀመሪያ መሞት አለበት» አለ። እሷም «አንድ ሰው አላልኩም፤ እኔ ነው ያልኩት» አለችና ትታን ሄደች።

ይህን የምንጽፈው ያን ቀን መልስ ስላጣን ነው። በቀድሞዎቹ ተማሪዎች ቋንቋ ግለ ሂስ ይባላል፤ ቃሉ በኋላ ሰው ያስገደለ ቃል ስለሆነ በቀላሉ አናነሳውም። ሂሱ ግን ለእኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ግቢ ተማሪዎች የሠሯቸውን አስፈሪ አጫጭር ፊልሞች ያየ ሰው የእኛው ከሌሎቹ በምንም የማይለይ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «የራሳቸው ጉድ ነው» ብለህ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ አትክተተው፤ ያንተም ጉድ አለበት።

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ፊልሙ 24 ደቂቃ ነው፤ በሁለት የሞባይል ስልክ፣ በ11 ሌሊት ተቀረጸ። አራት የ17 ዓመት ልጆች፣ ሁለት ጎረምሳና ሁለት ኮረዳ፣ ተወራርደው ጅቦች በሚገቡበት የጀጎል ግንብ ቀዳዳ ሾልከው ሌሊት ከተማው ውስጥ ይገባሉ። አንደኛዋ አጭር ቀሚስ ለብሳለች፤ ትቅማለች፤ ትስቃለች፤ ስልኳን አትለቅም። ትሞታለች። ሁለተኛዋ ሻሽ አስራለች፤ «እንመለስ» ትላለች፤ ታለቅሳለች፤ ትድናለች። የምትድነውም በእግሯ ሮጣ አይደለም፣ አንደኛው ጎረምሳ ተሸክሟት ነው። ይኸው ጎረምሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አይፈራም። ሌላው ጎረምሳ ወፍራም ነው፤ ይፈራል፤ በዚህም ይሳቅበታል። የምታሳድዳቸው ደግሞ ቀን ሸክላ የምትሠራ፣ ሌሊት ጅብ የምትሆን አሮጊት ናት። አበቃ። አዳራሹ ጮኸ፣ አጨበጨበ፤ እኛም ደረታችንን ነፋን።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? «ልጄ፣ ቀሚስሽን አስረዝሚ፤ በጊዜ ግቢ፤ ሳቅሽን ቀንሺ» ነው እንጂ ሌላ ምን ነው? ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሲለው «ኋላ ቀርነት!» ብለን የምንጮህበትን ነገር፣ በካሜራ ስንለው ጥበብ መሰለን። ልብ በሉ፤ ጎረምሶቹም በፊልሙ ውስጥ ይቅማሉ። እነሱን ጫቱ አልገደላቸውም። ያው አንድ እስር ጫት ለእሷ ኃጢአት፣ ለእነሱ ጨዋታ ሆነ። ይህን ስንጽፍ ከአራታችን አንዳችንም አላስተዋልንም፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። አስበንበት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ክፉዎች እንባል ነበር።

ነገሩ በወረቀት ቢቀር ባልከፋ። ከታየ ማግስት ጀምሮ ግን በግቢው ልጅቷን በስሟ የሚጠራት ጠፋ፤ በገጸ ባሕርይዋ ስም ሆነ የምትጠራው። በምግብ ሰልፍ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ። ቅንጫቢው በቴሌግራም እየተላለፈ ጀጎል ውስጥ ካለው የቤተሰቧ ቤት ደረሰ። ቀሚሱ የእሷ አልነበረም፤ ከእኛ የአንዳችን እህት ናት ያዋሰችን። የመረጥንላት እኛ፣ «ትንሽ አጠር ይበል» ያልነው እኛ፣ የተሰደበችበት እሷ። ተሸካሚውን ጎረምሳ የተጫወተው ልጅስ? እሱማ እስካሁን ሻይ ይጋበዛል።

አሁን ወደ ተከላካዮቻችን። ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ «የሆረር ሕግ ነው» ይላሉ። የማን ሕግ? ጆን ካርፔንተር በ1978 እ.ኤ.አ. በትንሽ በጀት የሠራው «ሃሎዊን» ለብዙ ተከታዮች መንገድ ከፈተ፤ ከወንድ ጋር የምትዝናናዋ ኮረዳ ትሞታለች፣ ቁጥቧ ትተርፋለች። አሜሪካዊቷ ምሁር ካሮል ክሎቨር በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ይህችን የምትተርፈውን «የመጨረሻዋ ልጅ» ብላ ሰይማታለች፤ ስያሜው እስከ ዛሬ በፊልም ትምህርት ቤት ሁሉ ይጠቀሳል። ነገር ግን እዚያ ያለችው የመጨረሻዋ ልጅ ቆማ አታለቅስም። ሎሪ ገዳዩን በሹራብ መሥሪያ መርፌ፣ በልብስ መስቀያ ሽቦ፣ በገዛ ቢላዋው ትወጋዋለች፤ በመጨረሻ ዶክተሩ ደርሶ ቢተኩስም እስከዚያ የተዋጋችው እሷ ናት። እኛ ከባዕድ አገር ቀድተን፣ መቅዳቱ ሳያንሰን፣ ትግሏን አውጥተን ጩኸቷን ብቻ አስቀረን። ኮራጅ እንኳ ሲኮርጅ ትክክለኛውን መልስ ይኮርጃል!

ሁለተኛዎቹ የባሱ ናቸው። «ባህላችን ነው፤ ቡዳውም፣ ጅቡም የእኛ ነው» ይላሉ። ኧረ ተዉ! ሐረር ተቀምጣችሁ ጅብ አታውቁም ማለት ነው። ይህ ከተማ ጅብ ከደጁ የሚያበላ ከተማ ነው። በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። አሮጌዎቹ ሐረሪዎች ጅብ ጅን ይበላል፣ ከተማውን ያጸዳል ነው የሚሉት። ታዲያ የጀጎልን ሌሊት ጠባቂ ወስደን የሆሊውድ ጭራቅ ስናደርገው የትኛውን ባህል ነው ያከበርነው? ጄሲካ በሺር በ2017 እ.ኤ.አ. በሠራችው «ሃይራት» በተባለ አጭር ፊልም ላይ አንድ ሐረሬ ሌሊት ለጅቦቹ ሲያበላ ይታያል፤ ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሞትም፣ ግን ዓይንህን አትነቅልም።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር። በኤዲቲንጉ ጊዜ «ጅቡ ይክበድ» ብለን የወንድ ድምፅ ጨመርንበት። ይህ ነጠብጣብ ጅብ ግን፣ ባዮሎጂ የሚማር ጓደኛችን እንደነገረን፣ በመንጋው ውስጥ ሴቷ ናት የምትገዝፈው፤ ሴቷ ናት የምትመራው፤ ወንዱ ጥግ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በየማታው ከግንቡ ሥር የምናየውን ነገር ሳናይ ጅቡንም በእኛው አምሳል ፈጠርነው።

አሮጊቷ ግን አታስቅም። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻ ሲገለል፣ ሰው ሲታመም በእሱ ሲመካኝ፣ ለዘመናት ኖሯል። በሰሜን ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ስም ተሰደዋል። ጀበናውና ምጣዱ ግን ከእጃቸው ተገዝቶ ቤት ይገባል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ስለ እኩልነት ድርሰት ጽፈን «ሀ» ያገኘን ሰዎች፣ ጭራቅ ሲያስፈልገን ቶሎ እጃችን የደረሰው ደሃ፣ አሮጊትና ሸክላ ሠሪ የሆነች ሴት ላይ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ! ቡና የምንጠጣበትን ጀበና የሠራች ሴት ልጅ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ቢሆንስ? ማን ጠየቀ?

አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ለማምለጥ ታላላቅ ሴቶችን ይጠራል። አዎን፣ ይህን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ነው፤ ባለቤቱ ባቲ ድል ወንበራ ኢማም አህመድ በ1543 እ.ኤ.አ. ከተገደሉ በኋላ ልጇ ከምርኮ በሚናስ ልዋጭ እንዲመለስላት ያደረገች ሴት ናት። ተማሪው ይህን ያውቃል፤ በፈተና ይጽፈዋል። ከዚያ በግንቡ ሥር ካሜራ ይዞ ሲቆም ለሴቷ ከጩኸት በቀር የሚሰጣት ንግግር ያጣል። ስለዚህ በድል ወንበራ ስም መማል ለእኛ ነገር ምንም አይጠቅምም።

ሦስተኛዎቹ «ተመልካች ይወደዋል» ባዮች ናቸው። ያጨበጨበው ማን እንደሆነ ቪዲዮውን አይተናል፤ የኋላ ረድፍ ነው። የፊተኛው ረድፍ ቀሚሱ ላይ ሲሳቅ አልሳቀም። ከዚህ በላይ አንመልስላቸውም።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ድፍረት»ን ያላየ ካለ ይፈልገው። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ፣ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ በወጣችበት ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። ሆረር አይደለም፤ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ከማንኛውም ጭራቅ የበለጠ ታስፈራለህ፤ የሚያሳድዷት ፈረሰኞች ሰዎች ናቸውና። ይህን ስንል ፊልሙንም እንከን የለሽ አናደርገውም፤ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ ነበር፣ ባለ ታሪኳ «ሕይወቴን ያለ ፈቃዴ» ብላ አቤት ስላለች። ለሴት ልጅ የቆመ ፊልም እንኳ ልጅቷን መጠየቅ ሊረሳ ይችላል። እኛማ ለማንም ያልቆምነው!

ታዲያ ምን ይሁን? ኮረዳ በሆረር አትሙት አላልንም። ትሙት! ጎረምሳውም ይሙት፣ ሁሉም ይሙቱ፣ ሆረር ነው። በቀሚሷ ግን አትሙት። ጎረምሳውም ይፍራ። ጄሲካ በሺር በ2021 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው «ፋያ ዳይ» ላይ የዚሁ የሐረር አካባቢ ወንዶች ልጆች በመሰደድና በመቅረት መካከል ሲዋልሉ ይታያሉ፤ ፍርሃታቸው አላሳነሳቸውም፣ ሰው አደረጋቸው እንጂ። እኛ የሳልነው የማይፈራ ጎረምሳ ግን ልጅ አይደለም፤ የግድግዳ ፖስተር ነው።

ከካፌው በር በኋላ እያፈርን ስድስት የዶርም ልጆችን «ምን ትፈራላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ጅብ ያለች የለችም። አንዷ ከኋላዋ የሚመጣ የእግር ኮቴ አለች፤ እሷ ስትቆም የሚቆም። ሌላዋ መንገድ የሚቀይር ባጃጅ። አንዷ በሰው ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶዋን። አንዷ ዝም አለች፤ አልገፋናትም። ወንዶቹን በቡድን ስንጠይቅ «ምንም» አሉ። ለየብቻቸው ስንጠይቅ አንዱ አባቴን አለ፤ አንዱ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት መመለስ አለ፤ አንዱም «እንደምፈራ እንዳይታወቅብኝ» አለ። ይህን ሁሉ በእጃችን ይዘን ነው አሮጊት ጅብ ስናደርግ የከረምነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ጀምረናል። የአሮጊቷን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቆርጠነዋል፤ የቀረው 17 ደቂቃ ነው። የጅቡን ድምፅ አንስተን፣ ግንቡ ሥር የቀረጽነውን እውነተኛውን ድምፅ መልሰናል፤ ከሳቅ ጋር ይመሳሰላል። የመጀመሪያዋን ሟች ትዕይንት ግን እኛ አልነካነውም። ስክሪፕቱን ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ለእሷ ሰጥተናታል፣ እንደፈለገች ታርመው ዘንድ፣ ቢያሻትም ትቀደው ዘንድ። ሁለት ሳምንት ሆነው። አልመለሰችውም።