ናፍታሊኑን ከሕፃኑ ልብስ አውጡ

ሰሞኑን እዚሁ ጅግጅጋ አራስ ልጠይቅ ገብቼ ሕፃኑን ሲያስታቅፉኝ የሰነፈጠኝ የናፍታሊን ሽታ ነው። ብርድ ልብሱ ከሻንጣ የወጣው በዚያው ጠዋት ነበር። አያቱን «ኤዶ (አክስቴ)፣ ይሄ ለልጁ አይሆንም» ብላቸው፣ «ታዲያ ብል ይብላው?» አሉኝ።

ናፍታሊንን በዚህ ዓምድ ደጋግሜ ነቅፌዋለሁ፤ አሁንም አልተውም። ጂ-6-ፒ-ዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። ናፍታሊን በሸተተ ልብስ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ሊሞቱም ይችላሉ። ሐኪሞች ለወባ ፕሪማኩዊን ሲያዙ የሚጠነቀቁት ለዚሁ እጥረት ነው። የትኛው ሕፃን እንዳለበት ደግሞ በዓይን ታይቶ አይለይም። «እኛም በሱ ነው ያደግነው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ የተጎዱት ሕፃናት መጥተው አይመሰክሩም።

ይባስ ብሎ መርዙን የምንነፋው ምንም ባልበላው ላይ ነው። ማታ አምፖል የሚዞረውን ሁሉ ብል ነው ብለን ፍሊት እንነፋለን። የልብስ ብል ከብርሃን ትሸሻለች። የገለባ መልክ አላት፤ ቁመቷም ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ክንፍ ካወጣች በኋላ እህል ውኃ አትልም፤ ከ40 እስከ 50 እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በላተኛው ትሉ ነው፤ ሱፍ፣ ጸጉርና ላባ ይበላል። ጥጥ አይፈጭም፤ ትሉ ጋቢ ከበሳ ብዙ ጊዜ ላብ ወይም ወጥ የነካውን ቦታ ነው። የመንዝ በርኖስና የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ግን አይተርፉትም።

የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት ለዚህ ትል አይመችም። አቃል የሚባለው ይህ ቤት የሚለብሰው ከሣርና ከዛፍ ልጥ የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ ትሉ ይህን መፍጨት አይችልም። ቤቱም ይነቀላል፣ በግመል ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። ጨለማና ጸጥታ የሚፈልግ ትል የት ይደበቃል? ከተማ ስንገባ የብሎኬት ቤት ሠራን፤ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በምንጣፍ ሸፈንን፤ ከባድ መጋረጃ ሰቀልን፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ የሰልባጅ ካፖርት ቁም ሣጥን ውስጥ አጨቅን።

ከዚያም ቆለፍነው፤ የእንግዳ ክፍሉን ማለቴ ነው። ዛሬ ስለዚህ ልጽፍ አልተነሣሁም፤ ግን ማለፍ አልቻልኩም። በየቤቱ ሰፊው፣ ነፋስ የሚያገኘው ክፍል ተዘግቶ እንግዳ ይጠብቃል፤ ስድስት ልጅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ያድራል። ልጆቹ ዝር እንዳይሉ የሚከለከሉት ምንጣፉ እንዳይበላሽ ነው። ምንጣፉ ሱፍ ከሆነ ግን ትሉ የሚበላው ማንም በማይረግጠው በኩል፣ በሶፋው ሥርና በጥጋጥጉ ነው። ልጆች የሚንከባለሉበት፣ ሁልጊዜ የሚራገፍ ምንጣፍ ለብል አይመችም። እንግዳ ማክበር የዚህ አገር ትልቅ ወግ ነው፤ እኔም በሱ ኖሬአለሁ። ልጆቹ በቤታቸው እንዲጫወቱ መፍቀድ ይህን ወግ አይነካም።

ክፍሉንም ሻንጣውንም ክፈቱ። የጅግጅጋ ፀሐይ ነጻ ናት። ምንጣፉን ግቢ አውጥታችሁ በሁለቱም ገጹ ለፀሐይ ስጡት፤ በዱላ ምቱት፤ ጠርዙንና ስፌቱን በብሩሽ ጥረጉት፤ እንቁላሉ ይረግፋል፣ ትሉም ከብርሃን ሊሸሽ ሲወጣ ይገኛል። የሱፍ ልብስ ሳይታጠብ አይቀመጥ፤ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባ ላስቲክ ይታሰር። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ብርድ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆየው፤ እንቁላሉም ትሉም ያልቃል። ናፍታሊን የነካው ልብስ ታጥቦ፣ ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ሕፃን አይልበሰው። ልጁ ቢጫ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ልብሱ ናፍታሊን ውስጥ እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩት።