ገንዘብ የናቀችው ከተማ

«300» የተሰኘው ፊልም (2006 እ.ኤ.አ.) ከወጣ ወዲህ ስፓርታን የሚነካብን ሰው አንወድም። ስፓርታኖች ገንዘብ ይንቁ ነበር፣ እርስ በርስ እኩል ነበሩ፣ ጀግኖች ነበሩ ይባላል። በጀግንነቱ አንከራከርም። የቀረውን ግን እስኪ ሂሳቡን እንሥራው።

እርግጥ ነው፣ ለስፓርታ ዜጋ ንግድም ሆነ የእጅ ሙያ ክልክል ነበር። ፕሉታርክ እንደሚለው፣ ሕግ አውጪው ሊኩርጎስ ወርቅና ብርን ከልክሎ የብረት ገንዘብ አስገባ፤ ለትንሽ ዋጋ ብዙ ብረት መጫን የግድ ነበር። (ሊኩርጎስ የሚባል ሰው መኖሩን ራሱ የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ።) መልካም! ታዲያ ጋሻውን ማን ቀጠቀጠው? በጊቴዮን ወደብስ ማን ነገደ? ፔሪዮይኮይ፣ ማለትም «በዙሪያ የሚኖሩት» ናቸው። ነፃ ሰዎች ናቸው፤ ይነግዳሉ፣ ከስፓርታኖች ጋር ይዘምታሉ፤ ስለ ጦርነቱ በሚወሰንበት ጉባኤ ላይ ግን ድምፅ የላቸውም።

ከእነሱ በታች ሄሎቶች አሉ። የላኮኒያንና የሜሴኒያን መሬት አርሰው ጌቶቻቸውን የሚቀልቡት እነሱ ናቸው። ሄሮዶቱስ በ479 (ዓመቶቹ በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው) ለፕላታያ ጦርነት 5,000 ስፓርታውያን ሲዘምቱ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሄሎት ተመድቦ እንደነበር ጽፏል። 35,000 መሆኑ ነው። የከተማዋ ሹማምንት ደግሞ በየዓመቱ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር፤ ሄሎት የገደለ ሰው የደም ዕዳ እንዳይኖርበት። ዜጎቹ ራሳቸውን «እኩዮች» ብለው ይጠሩ ነበር። («እኩይ» ብሎ ያነበበ ቢኖር ሄሎቶቹ የሚያርሙት አይመስለንም።)

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን የእኩዮቹ የራሳቸው ነገር ነው። እያንዳንዱ ዜጋ በየወሩ ገብስ፣ የወይን ጠጅ፣ አይብና በለስ ለጋራ ማዕድ ማዋጣት ነበረበት። ያቃተው ዜግነቱን ያጣል። ድሃው ሰው ነግዶ እንዳይከፍል ንግድ ተከልክሏል፤ መሬቱ በውርስና በጋብቻ ጥቂት ሀብታሞች እጅ ገብቷል። ገንዘብ በናቀችው ከተማ ሰው በድህነቱ ከእኩልነት ይባረር ነበር ማለት ነው! አርስቶትል ይህን ሥርዓት ክፉኛ የነቀፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ንቀቱስ ቢሆን? በፔሎፖኔዝ ጦርነት ማብቂያ ላይ የጦር አዛዡ ጊሊፖስ ወደ ስፓርታ እንዲያደርስ የተሰጠውን ብር ከከረጢቶቹ ግርጌ ቀዶ አውጥቶ ቤቱ ጣሪያ ሥር ደበቀ። ሲነቃበት አገር ጥሎ ጠፋ።

በ480 ወደ 8,000 ይጠጉ የነበሩት ዜጎች በአርስቶትል ዘመን 1,000 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ371 በሌውክትራ ከተሰለፉት 700 እኩዮች 400ዎቹ ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ የቴብሱ ኤፓሚኖንዳስ ሜሴኒያን ነፃ አወጣ፤ የትናንት ሄሎቶችም ሜሴኔ የምትባል ከተማ ሠሩ። በ362 ከማንቲኒያ ጦርነት በኋላ ሌሎቹ ግሪኮች ሰላም ሲያወርዱ ስፓርታ ብቻ አልገባም አለች፤ ሜሴኔን እንደ ከተማ መቀበል ስለነበረባት።