ገላጋይ ወይስ ተመልካች?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ቡጢ ሲገጥሙ ቀድሞ የሚፈለገው ሰው ገላጋይ ነው። መሳለሚያ፣ እህል በረንዳ አካባቢ ሁለት ተሸካሚዎች በአንድ ኩንታል ጭነት ተጣልተው ቢተናነቁ፣ ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ፣ ሻይ የምትሸጠው እናት ፔርሙሷን አስቀምጣ፣ የማያውቃቸው መንገደኛ ሳይቀር «ኧረ ገላግሉ!» እያለ ይሮጣል። ገላጋይ መሀል ሲገባ ለሌላው የተሰነዘረ ቡጢ ሊያርፍበት እንደሚችል ያውቃል። እያወቀ ይገባል። ይህን ልማድ ከእናት ከአባቶቻችን ወርሰነዋል።

ዛሬ ልማዱ እየሞተ ነው። ጠብ ሲነሳ እጅ ወደ ኪስ ይገባል፣ ስልክ ይወጣል፣ ይቀረጻል፤ ሳይመሽ ቲክቶክ ላይ ይገኛል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል። እኔ የምከስሰው አንዱን ነው፤ በወጣቶቻችን ስልክና በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤቶች የገባውን፣ ኤም ኤም ኤ ወይም በትልቁ ድርጅት ስም ዩ ኤፍ ሲ የምንለውን የኬጅ ድብድብ። ትልልቆቹ ግጥሚያዎች በአሜሪካ ቅዳሜ ምሽት ስለሚደረጉ ለእኛ የሚደርሱት እሑድ ሊነጋ ሲል ነው። በመዘምራኑ መካከል ዓይናቸው ቀልቶ ወደ አምልኮ የሚመጡ አሉ፤ ሌሊቱን በጸሎት አድረው ግን አይደለም።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ክርስቲያን ወጣት በዚህ ነገር ሊዝናና አይገባም። ምክንያቴም አንድ ነው፦ ይህ ውድድር የወደቀን ሰው መምታትን ሕጋዊ አድርጎታል፤ እኛም ለዚያ እንድናጨበጭብ ያሠለጥነናል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ስፖርት ሁሉ ዓለማዊ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ትግል የከበረ ጨዋታ ነው። በአገራችን ከገናና ከፈረስ ጉግስ ጋር ከባህል ስፖርቶች አንዱ ነው። አባታችን ያዕቆብ በያቦቅ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ ታግሏል፤ ሲነጋ እያነከሰ ግን ተባርኮ ሄዷል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከሩጫና ከቡጢ ምሳሌ ወስዷል፤ ሆኖም የሚጎስመው የራሱን ሥጋ እንደሆነ አስተውሉ። በአሜሪካ ኮሌጆች የሚደረገውን ትግል ብትመለከቱ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። መምታት ክልክል ነው። የባላጋራህን ሁለት ትከሻ ለአንድ ሰከንድ ምንጣፉ ላይ ካጣበቅህ ዳኛው ምንጣፉን በመዳፉ ይመታል፤ ግጥሚያው አበቃ። ሁለቱም ይነሣሉ፣ ይጨባበጣሉ። በትግል መውደቅ የጨዋታው መጨረሻ ነው።

በኬጅ ውስጥ ግን መውደቅ መጀመሪያ ነው። ይህ እንዴት እንደመጣ በአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይቻላል። ማርክ ኮልማን በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ አገሩን ወክሎ ታገለ። ዩ ኤፍ ሲ በ1993 በዴንቨር ከተማ ተጀምሮ ነበርና ኮልማን በ1996 ወደዚያ ገባ። ታግሎ መጣልን ያውቅበታል። ከጣለ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው የዳኛውን መዳፍ አልጠበቀም፤ ከላይ ተቀምጦ ደበደበ። በ1997 የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። «ጥሎ መደብደብ» የሚባለው ስልት አባት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። በኮሌጅ የማሸነፊያ ማብቂያ የነበረው መጣል በኬጅ የመደብደቢያ መንገድ ሆነ።

እናንተ በይበልጥ የምታውቁት ካማሩ ኡስማንን ነው። ናይጄሪያ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ኪርኒ ታገለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዲቪዚዮን ሁለት የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በማርች 2019 ታይረን ውድሊን አሸንፎ የዩ ኤፍ ሲን ቀበቶ ታጠቀ። አፍሪካዊ ወንድማችን ነውና ብዙዎቻችሁ ኮርታችሁበታል። ትጋቱን አልንቅም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ በላስ ቬጋስ ከኮልቢ ኮቪንግተን ጋር ያደረገውን ግጥሚያ አስታውሱ። ኮቪንግተንም በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታገለ ሰው ነው። ሁለት የኮሌጅ ታጋዮች አምስተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ተፋለሙ፤ አንዱም ሌላውን ታግሎ ለመጣል እንኳ አልሞከረም። በሙሉ ቡጢ ነበር። በመጨረሻ ኮቪንግተን ወደቀ፤ ተነሣ፤ እንደገና ወደቀ፤ ወድቆ ሳለም ዳኛው መሀል እስኪገባ ድረስ ተመታ። በዩኒቨርሲቲ ዓመታትን የፈጀባቸው ጥበብ የት ሄደ? ገበያው አልፈለገውም። ገበያው የሚፈልገው መዘረርን ነው።

በኤፕሪል 2021 በጃክሰንቪል ከተማ ኡስማን ሆርሄ ማስቪዳልን በቀኝ እጁ ዘረረው፤ ከዚያም ራሱን በሳተው ሰው ላይ ቡጢ ጨመረበት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሕዝቡ አበደ። በኦገስት 2022 በሶልት ሌክ ሲቲ ተራው የእርሱ ሆነ። ግጥሚያውን እየመራ ሳለ፣ ሊያበቃ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሲቀረው፣ ሊዮን ኤድዋርድስ ጭንቅላቱን በእግሩ መታው፤ በጀርባው ተዘረረ። ለእኛ እሑድ ማለዳ ነበር። ዛሬ ከእርሱ ድሎች ሁሉ ይልቅ ያ አወዳደቅ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የትናንቱ ጀግና የዛሬ መሳቂያ ሆነ። አባቶች በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ያሉት ይህንን ነው።

አሁን ክርክሮቻችሁን ልስማ።

«ተስማምተው ነው የገቡት» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ፈርመው ገብተዋል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በዚያች ሰከንድ ለምን ሊስማማ ይችላል? ደግሞስ እነርሱ ቢስማሙ የእኔና የአንተ ደስታ በዚህ ጸደቀ ማለት ነው?

«ሕግ አለው፤ ቦክስስ አለ አይደል?» ትላላችሁ። ቦክስ እንኳ የወደቀውን አይነካውም፤ እስከ 10 ይቆጥርለታል። ያም ሆኖ ቦክስ ንጹሕ ነው አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ ሐኪም ጭንቅላታቸውን ደጋግመው የተመቱ ቦክሰኞች አእምሯቸው እንደሚጎዳ ጽፏል። በሕግ የተመታ ጭንቅላትም የሚጎዳው ያው ጭንቅላት ነው። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው አእምሮ ነው።

«ከድህነት መውጫ ነው፤ ፍራንሲስ ንጋኑ ከካሜሩን የአሸዋ ጉድጓድ ተነሥቶ የት ደረሰ?» ትላላችሁ። ይህን ክርክር አላቃልለውም፤ መሳለሚያ ላይ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ኩንታል የሚሸከም ወጣት ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነንና። ነገር ግን የአንዱ ንጋኑ ታሪክ ሲነገር የብዙዎቹ አይነገርም። ራሳቸው ተጋጣሚዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ድርጅቱን «በገበያው ላይ ብቻውን ቆሞ ክፍያችንን አሳንሷል» ብለው ከሰሱት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ድርጅቱ 375 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላቸው ተስማማ። ዋናው ጥያቄ ግን ለእናንተ ነው። ተጋጣሚው ምናልባት ልጆቹን ያበላበት ይሆናል። እናንተ ተመልካቾቹ ከየትኛው ድህነት ልትወጡበት ነው? እንዲያውም ቤቲንግ ቤት ገብታችሁ በማን መውደቅ ላይ ገንዘብ እንደምታስይዙ ትመርጣላችሁ።

«ማየት ብቻ ምን ይጎዳል?» ለሚለኝ የአሊፒየስን ታሪክ ልንገረው። ታሪኩ በአውግስጢኖስ «ኑዛዜዎች» ስድስተኛ መጽሐፍ ይገኛል። አሊፒየስ አፍሪካዊ ወጣት ነበር፤ ሕግ ሊማር ሮም ሄደ። የሰይፍ ድብድብ ይጠላ ነበር። ጓደኞቹ ግን ጎትተው ወሰዱት። «ሥጋዬን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም» በሚል መንፈስ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። አንዱ ተዋጊ ሲወድቅ ሕዝቡ ጮኸ፤ አሊፒየስም ምን እንደሆነ ለማየት ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ አልጨፈነም። አብሯቸው ጮኸ፤ ሌላ ጊዜም ተመልሶ መጣ፤ ጎትተው ከወሰዱት ይልቅ ሌሎችን የሚጎትት ሆነ። ጌታ በኋላ አውጥቶታል፤ የቤተ ክርስቲያን መሪም ሆኗል። ያን ቀን ግን በዚያ አዳራሽ የወደቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ሌላም ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬት እንደሚተርከው፣ ቴሌማኩስ የተባለ መነኩሴ ከምሥራቅ ወደ ሮም መጣ። ሰዎች ሰዎችን ለጨዋታ ሲገድሉ አየና ከመቀመጫው ወርዶ ሊያቆማቸው መሀል ገባ። ተመልካቹ ደስታው ስለተቋረጠበት በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ንጉሠ ነገሥት ሆኖሪየስ ይህን ሲሰማ ያንን ትርኢት አስቀረ። ቴሌማኩስ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? ገላጋይ።

በኬጁም ውስጥ አንድ ገላጋይ አለ፤ ዳኛው ነው። በወደቀው ሰው ላይ በደረቱ ተኝቶ ቡጢውን የሚመክት እርሱ ብቻ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ከገባ ግን አዳራሹ በሙሉ በእርሱ ላይ ይጮኻል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ዳኛው ሲገባ «ምነው ቸኮለ!» ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ያ ድምፅ ከየት መጣ? የእኛ ጌታ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል የገባ መካከለኛ ነው። በመሀል ገብቶ የቆሰለ ጌታ ያለን ሰዎች መሀል የሚገባውን እንዴት እንሰድባለን?

ለአገልጋዮችም አንድ ቃል አለኝ። በወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ «መንፈሳዊ ተዋጊ ሁኑ» ለማለት የመዘረር ቪዲዮ በፕሮጀክተር ማሳየት ይቅር። መጋደላችን ከሥጋና ከደም ጋር አይደለም እያልን የሥጋና የደም መጋደል እያሳየን ልናስተምር አንችልም። በምትኩ ወጣቶቹ ጉልበታቸውን የሚያውሉበት ሜዳ እንፈልግላቸው፤ ትግል ይታገሉ፣ ኳስ ይጫወቱ፣ ቴኳንዶም የሚማር ይማር፤ የወደቀውን እጁን ይዞ ማንሣትም አብሮ ይሠልጥን። እናንተም የምትልኩትን ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት የወደቀው ሰው እናት ብታየው ምን እንደሚሰማት አስቡ። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሣ ደግሞ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ እጃችሁ ይውጣ።

ስለ ማርክ ኮልማን ያልነገርኳችሁ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሌሊት በኦሃዮ የወላጆቹ ቤት በእሳት ተያያዘ። የ59 ዓመቱ ኮልማን ውሻው ሲቀሰቅሰው ተነሥቶ አባቱንና እናቱን ተራ በተራ ከጭሱ አወጣ። ውሻውን ሊያወጣ ሲመለስ ጭሱ አሸነፈው፤ ውሻው ሞተ፤ እርሱም ሆስፒታል ገባ። ይህ በኬጅ ውስጥ ያደረገውን ትክክል አያደርገውም። ጉልበት ለምን እንደተሰጠ ግን ያሳየናል። ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ሁለት ሰዎች አይተው አለፉ፤ አንዱ ግን ጎንበስ ብሎ አነሣው። እሑድ ሊነጋ ሲል ስልካችሁን ስትከፍቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆናችሁ ለራሳችሁ መልሱ።