በሁለተኛው ወንበር 25 ዓመት

የአሜሪካ እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ስለ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ማይክል ቪክን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቡድኑን ያለ አንዳች ሽንፈት እስከ ብሔራዊ ሻምፒዮናው ጨዋታ ያደረሰ ወጣት ነበርና ቢወደስ አይበዛበትም። ነገር ግን ቪክ ከሜዳ በሚወጣበት ሰዓት የሚገቡ 11 ተከላካዮች ነበሩ። እነሱን ያሠለጥን የነበረው ቡድ ፎስተር ይባላል። ብዙ አንባቢዎቼ ስሙን ሰምተው አያውቁም ብዬ እገምታለሁ። እኔ ግን ስለ ሥራና ስለ ሹመት በተነሳ ቁጥር ይህን ሰው ሳላነሳ አላልፍም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ቡድን የሚባለው በውስጡ ሁለት ቡድን ነው። አጥቂው ክፍል ኳስ ይዞ ይገፋል፤ ኳሱ ለተጋጣሚ ሲያልፍ አጥቂዎቹ ወጥተው ተከላካዩ ክፍል ይገባል። ሁለቱም የየራሳቸው ኃላፊ አላቸው፤ ከእነሱ በላይ ዋና አሰልጣኝ አለ። ካሜራው የሚከተለው፣ ጋዜጠኛው የሚጠይቀው ዋናውን ነው። በቨርጂኒያ ቴክ ስታዲየም የቆመው ሐውልትም የዋናው አሰልጣኝ የፍራንክ ቢመር ነው፤ ይገባዋልም።

ፎስተር የቢመር ደቀ መዝሙር ነው። ኬንታኪ ውስጥ በመሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ እዚያው ረዳት ሆኖ ጀመረ፤ ቢመር በ1987 ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ሲዛወር ይዞት ሄደ። በዚህ ሙያ ረዳት አሰልጣኝ መሆን ኑሮን በሻንጣ መያዝ ነው። ዋናው ሲባረር ረዳቱም ይባረራል፤ ዋናው የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ረዳቱ ቤቱን አከራይቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ይከተላል። ፎስተር ግን ብላክስበርግ ገብቶ ረጋ። ከተማዋ ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች የእኛም ልጆች ለትምህርት የሚሄዱባት፣ በተራራ የተከበበች የተማሪ ከተማ ናት። እዚያ 33 የውድድር ዘመን አሳለፈ።

ጅምሩ አያምርም ነበር። በ1992 ቡድኑ 2 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ፣ 8 ተሸንፎ፣ በ1 አቻ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ፎስተር ከሮድ ሻርፕለስ ጋር የተከላካዩን ክፍል ኃላፊነት ተረከበ፤ በዓመቱ ደግሞ ብቻውን ያዘው። በዚያ በ1995 ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አልተሸነፈም፤ አሥር ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ዓመቱን በሹገር ቦውል ቴክሳስን 28 ለ10 በመርታት ዘጋ።

ፎስተር የሚታወቅበት የምሳ ዕቃ ታሪክም የሚጀምረው ከዚያው ዓመት ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ይዞት ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ዓይነት፣ የተጎሳቆለ፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ነው። አሰልጣኞቹ ይህን ዕቃ የተከላካዩ ክፍል ምልክት አደረጉት። በልምምድና በጨዋታ በርትቶ የተገኘ ተጫዋች ዕቃውን ተሸክሞ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። ውስጡ ተከላካዮቹ ለዓመቱ የያዙት ግብ በጽሑፍ ይቀመጥ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 2007 በዚያው ግቢ ውስጥ 32 ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ ደግሞ የሟቾቹ ስም ተጽፎ እዚያው ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ። የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች የክፍል ጓደኞቻቸውንና የመምህራኖቻቸውን ስም ይዘው ሜዳ ሲገቡ ማየት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ የከሰል አገር ነው፤ ከደጋፊው ብዙው አባቱ ወይም አያቱ እንዲህ ያለ ምሳ ዕቃ ይዞ ሲወጣ አይቷል። ስለዚህ ዕቃው ለማስታወቂያ የተፈለሰፈ ነገር ሆኖ አልታያቸውም።

ውጤቱን በቁጥር ለሚፈልግ፦ በ2005 እና በ2006 ቨርጂኒያ ቴክ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተጋጣሚ ጥቂቱን ያርድ የሰጠ ቡድን ነበር። በ2006 ፎስተር የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ የብሮይልስ ሽልማትን ወሰደ። በ1999ኙ ቡድን ኮሪ ሙር ለቦታው ቁመቱም ክብደቱም ያንሳል የሚባል ልጅ ነበር፤ በዚያ ዓመት የሎምባርዲንም የናጉርስኪንም ሽልማት ጠቅልሎ ወሰደ። የፎስተር መንገድ ይኸው ነበር። ግዙፍ ልጅ ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሄድ ፈጣኑን ይመርጣል፤ ከኋላ የሚጫወተውን ወደ ፊት አምጥቶ ከቦታው ጋር ያላምደዋል።

ለእኔ ግን ሰውየውን የሚያሳየኝ አንድ ምሽት ነው፤ መስከረም 6 ቀን 2014፣ ኮለምበስ ኦሃዮ። ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች በሞላበት ስታዲየም ቨርጂኒያ ቴክ ኦሃዮ ስቴትን ገጠመ። ተንታኞች ለቨርጂኒያ ቴክ ብዙ ዕድል አልሰጡትም። ፎስተር ቡድኑ ከዚያ በፊት ብዙም ያልታየበትን አሰላለፍ ይዞ ቀረበ። የመሐል ሦስቱ ገፊዎች ፊት ለፊት አንዳንድ ሰው አቆመ፤ የቀሩትን ተከላካዮች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ መስመሩ አስጠግቶ ሩጫውን ዘጋ። በግራና በቀኝ ጠርዝ ያሉትን ሁለቱን ግን ከኋላቸው ደጀን ሳይሰጣቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ይዘው እንዲሯሯጡ ተዋቸው። አንዱ ቢንሸራተት ጎል ነው። ፎስተር ይህን ያውቃል፤ የኦሃዮ ስቴት ኳስ ወርዋሪ ገና ሁለተኛ ጨዋታውን የሚጀምር ልጅ መሆኑንም ያውቃል። ልጁ 29 ጊዜ ወረወረ፤ ለራሱ ሰው የደረሱት 9 ብቻ ናቸው። 3 ተነጠቀ፤ 7 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጣለ። 21 ለ21 እኩል ደርሰው ነበር፤ በመጨረሻ 35 ለ21 አለቀ። የመጨረሻውን ነጥብ ያስገባው ራሱ ተከላካዩ ነው፤ ኳሷን ነጥቆ መስመሩ ድረስ በረረ። ኦሃዮ ስቴት በዚያ ዓመት ከዚያ በኋላ አልተሸነፈም፤ የአገሪቱ ሻምፒዮንም ሆነ።

በሥራው ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው ይህን ያደረገው። አንድ ቦታ የቆየ ሰው ይደነዝዛል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ይህን ጨዋታ ደጋግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እርግጥ የድካም ዘመንም መጣ። ቢመር በ2015 መጨረሻ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ጀስቲን ፉዌንቴ ፎስተርን በቦታው አቆየው፤ አዲስ አለቃ የአሮጌውን ሰው በሚያባርርበት ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2018 ግን ተከላካዩ ክፍል ፈረሰ። ኦልድ ዶሚኒየን የተባለ፣ ማንም ያልጠበቀው ቡድን 49 ለ35 አሸነፋቸው፤ ፒትስበርግ 52 አገባባቸው። ፎስተር 2019 የመጨረሻ ዓመቱ እንደሚሆን ከውድድሩ በፊት አስታወቀ። ያም ዓመት ሲጀመር አላማረም፤ ዱክ በገዛ ሜዳቸው 45 ለ10 ረታቸው። ከዚያ ልጆቹ ተነሱ። ኅዳር ላይ ጆርጂያ ቴክን 45 ለ0፣ በሳምንቱ ደግሞ ፎስተር በገዛ ሜዳው ባደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ፒትስበርግን 28 ለ0። ከዓመት በፊት 52 ያገባ ቡድን በዚህኛው ጊዜ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ተመለሰ።

ለዋና አሰልጣኝነት ስሙ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። ወንበሩን ንቆ ነው የቀረው ብዬ አልከራከርም፤ ሰው ነውና ሳይመኘው አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ዋና ሳይሆን በመቅረቱ ምን ጎደለበት? ያሠለጠናቸው ልጆች ለብሔራዊው ሊግ በቅተዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም እንዲቆይለት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስገኝ ውል ጽፎለታል። ቦታውን የተረከበው ጀስቲን ሃሚልተንም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ ያደገ ልጅ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ጎበዝ መምህር በሦስት ዓመቱ ርዕሰ መምህር ይደረጋል፤ ክፍሉ መምህር ያጣል፣ ቢሮው ደግሞ መፈረም እንጂ ማስተማር የማይጠየቅ ሰው ያገኛል። እጇ የተባረከ ነርስ ኃላፊ ትሆንና ከሕመምተኛው አልጋ ትርቃለች። ደሞዝ የሚጨመረው በሹመት ብቻ ስለሆነ ሰው የሚወደውን ሥራ እየተወ ወደ ወንበር ይሰደዳል። እዚህ አሜሪካ ያለነውም ይህን ይዘነው መጥተናል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት የወላጅ ጥያቄ «አሁን ማኔጀር ሆነ?» ነው፤ ልጁ በሥራው ምን ያህል እንደተካነ የሚጠይቅ እምብዛም አላየሁም። ይህ ያበሳጨኛል። ልጆቻችን የሚያፍሩት በሥራቸው ሳይሆን በእኛ ጥያቄ ነው።

ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ድርጅት የምትመሩ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ የደሞዝ ሠንጠረዣችሁን ስታወጡ በክፍሉ፣ በአልጋው አጠገብ፣ በማሽኑ ላይ ለሚቆይ ባለሙያ የሚያድግ እርከን አስገቡለት፤ ኃላፊ ሳይሆንም ከኃላፊው እኩል የሚከፈለው ሰው ይኑራችሁ። ወላጆችም፣ በሚቀጥለው እሑድ ልጃችሁ ስለ ሥራው ሲያወራ ስለ ማዕረጉ ሳይሆን ስለ ሥራው ጠይቁት።