የፊት ፍሬን ምን አደረገ?

ወዳጆቼ፣ ሰንጋ ተራ 40/60 ኮንዶሚኒየም አካባቢ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆችን አስተውላችኋል? ሞተሩን የሚጥሉት ሲከንፉ አይደለም፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲታጠፉ ነው። ከኋላ ሚኒባስ አለ፤ ሹፌሩ ደግሞ ከረዳቱ ጋር ሒሳብ ላይ ነው።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ እንዳትነካው» የሚል አስተማሪ ሞልቷል። እኔ አልስማማም። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ዋናው የማቆም ጉልበት ያለው ፊት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደዚያ ይመጣላ። እሱን ያልለመደ ልጅ እግረኛ ድንገት ሲገባበት ምን ሊይዝ ነው? ጥፋቱ መሪው ዞሮ፣ ሞተሩ አጋድሎ ሳለ ጭምድድ አድርጎ መያዝ ነው። ያኔ ሞተሩ ወደታጠፈበት ጎን ዘፍ ይላል፤ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ደግሞ በአንድ እግር አይደገፍም። ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ከሆነማ አይነሳ።

ተማሪዎቼ፣ ፍጥነቱን ከመታጠፊያው በፊት፣ ቀጥ እንዳላችሁ ጨርሱት። ስትታጠፉ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ያዙ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጡ፣ የኋላውን ፍሬን በስሱ ርገጡ። ዓይናችሁ መውጫው ላይ ይሁን እንጂ ጎማው ላይ አይሁን። መሃል ላይ የግድ መቆም ከመጣ መጀመሪያ መሪውን አቅኑ፣ ከዚያ ፊቱን ያዙ። ይሄን ሳያለማምድ «ጨርሰሃል» የሚል አስተማሪ ገንዘብ ባይቀበል ደስ ይለኛል።